ከዳር የተለካ ውሃ

ሐሙስ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጫሞ ዳር

ቶሎ ልጻፈው። ወንድሜ ዳና አልተመለሰም። በዘጠኝ ሰዓት አብሮት ከሚያጠምደው ከካሳ ጋር መረብ ሊያነሱ ወጡ፤ በአሥር ሰዓት ነፋሱ ተነሳ። አሁን አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ከማዶ የመጣ አንድ አጥማጅ ጀልባቸው ተገልብጣ ሁለቱም ይዘዋት አይቻለሁ ብሏል። ማዕበሉ ግን አላስጠጋውም። የአጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዘመድኩን ሰዎቹን ሰብስቧል። የዳና ሚስት ሣራ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አጠገቤ ቆማለች።

ያው ቀን፣ አሥራ ሁለት ተኩል

ጎህ ሲቀድ ሊወጡ ተስማሙ። ነፋሱ አልበረደም፣ ሲመሽ ደግሞ ጉማሬው አለ። የሐይቁን ሙቀት የምለካው እኔ ነኝና ጋሽ ዘመድኩን «ኖላዊት፣ ውሃው ስንት ነው?» አለኝ። 27 አልኩት። «ይበርዳል?» አለ። «አይበርድም፣ ለብ ያለ ነው። ጀልባዋን ከያዙ እስከ ጠዋት ይቆያሉ» አልኩ። ሁሉም ቀለል አላቸው። እኔንም ቀለለኝ። ዳና እንደሆነ ከጫሞ አጥማጅ ሁሉ የሚበልጥ ዋናተኛ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ትናንት በአንድ ሰዓት አገኟቸው። ካሳ በተገለበጠችው ጀልባ ጀርባ ላይ ተኝቶ ነበር፣ በሕይወት። ወንድሜ ከጎኑ ውሃ ውስጥ ነበር። ክንዱን በቢጫው ጀሪካን ገመድ ጠምጥሟል። አዞ አልነካውም። ራሱ ከውሃ በላይ ነበር።

ዛሬ ቀበርነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ድንኳኑ ዛሬም ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በየተራ ይዘምራሉ። እማዬ ጮኻ እንዳታለቅስ ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠውባታል። «ተስፋ እንደሌላቸው አንሁን» ይሏታል። እሷ የፈለገችው ግን የአያቶቿን ለቅሶ ነው። ጓሮ ወጥታ ሙዙ መሃል ብቻዋን በጋሞኛ ስታወርደው ሰማሁ። ማንም እንዳይደርስባት የጓሮውን በር ይዤ ቆምኩላት።

ለቅሶ ቤት ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ ልቡ ነው ይላል፣ አንዱ ደንግጦ ነው ይላል። ዋና የሚችል፣ ጀሪካን የያዘ፣ ራሱ ከውሃ በላይ የሆነ ሰው በምን ይሞታል? ከድንኳኑ ሰው ሁሉ ስለ ውሃ የተማርኩት እኔ ነኝ። ያስተማረኝም ዳና ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከመረቡ የሚያወጣውን ቆሮሶ ዓሣ እየሸጠ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

ወደ ማታ ሣራ ጠጋ አለችና በጆሮዬ «ኖሊ፣ አልበረደውም አይደል?» አለችኝ።

«አልበረደውም፣ ሣራዬ። ውሃው ሙቅ ነው» አልኳት። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ሥራ ገባሁ። ሥራዬ ሲታይ የልጅ ጨዋታ ነው፤ በየቀኑ የሐይቁን ከፍታና የውሃውን ሙቀት ለክቼ በቅጹ ላይ እሞላለሁ፣ በወሩ መጨረሻ አዲስ አበባ ለሚቀመጠው አለቃዬ ለአቶ ሶፎንያስ እልካለሁ። ዳና «የጫሞ ሙቀት መለኪያ፤ ሐይቁ ሲያተኩሰው ክኒን የምትሰጠው እህቴ ናት» እያለ አጥማጆቹን ያስቅብኝ ነበር።

ያልገባሁባቸው ቀናት ባዶ ነበሩ። 27 እያልኩ ሞላኋቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምንጊዜም እዚያው ነው።

ሣራ ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው። እማዬ ጠዋት ተቆጣች፤ ይቺ ልጅ ሌሊቱን ምንም ሳትደርብ ነው የምታድረው፣ ቡልኮዋን አጣጥፋ እግሯ ሥር አኑራ። አባቷ ዶርዜ ላይ በእጁ ሸምኖ ለሠርጓ የሰጣት ወፍራም ቡልኮ ነው። ቆላው ይሞቃል አለቻት ሣራ። ሣራ! ሰኔ በገባ ቁጥር ሁለት ሹራብ የምትደርብ ሣራ! ዳና «የዶርዜ ልጅ ሆና ብርድ የምትፈራ አንዷን ፈልጌ አገባሁ» እያለ ነበር የሚኖረው። ሐዘን ነው መቼም፣ ሰውን ይለውጣል።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ከአምልኮ በኋላ ካሳን ልጠይቀው ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥቶ እናቱ ቤት ነው። በእግሩ ቆሟል፣ ዓይኔን ግን አያይም። «ጥሩ ሰው ነበር። ጀልባዋ ላይ አንተ ውጣ አለኝ። ሁለታችንን አትችልም ነበር» አለኝና ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ስለ ሌሊቱ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ የበቆሎ ኩርኩፋ ቀረበልኝና በላሁ፣ ጸሎት ተደረገና ወጣሁ። እናቱ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ ሣራ ገና በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል መጥታ ከልጇ ጋር ብዙ እንዳወሩ ነገረችኝ። ሣራ አልነገረችኝም።

ዛሬም ጠየቀችኝ። እኔም ያንኑ መለስኩላት። አሁንስ እንደ ጥቅስ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ የምጽፈው ይመስለኛል።

ከወደቡ በታች ያለው እርሻ ከሐይቁ ውሃ የሚስብበት ቧንቧ አፉ ታች በጨርቅና በተቀደደ መረብ ተደፍኖ ሰው አስመጡ። ጠላቂ ነው። ሀብተሚካኤል ይባላል፤ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ድሮ ባሕር ኃይል የተማረ፣ አሁን ግድብ ከግድብ እየዞረ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ሰው። አዞ እንዳይገባ ቦታውን በብረት መረብ አጥረውለታል። ሁለት ጀልባም ሞተራቸውን እያጓሩ ይዞሩለታል። የወደቡ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ለማየት ወጣ።

ከመግባቱ በፊት «የውሃው ሙቀት ስንት ነው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም ቅጹን ገልጬ 27 አልኩት። «እንግዲያ በቀጭኑ ይበቃኛል» አለና ከሁለቱ የጎማ ልብሶች ቀጭኑን ለበሰ። ወፍራሙን ሻንጣው ላይ ትቶት ገባ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። የወገቡን ክብደት ራሱ መፍታት አቅቶት ሰው ፈታለት። ሻይ ሲሰጡት ብርጭቆው ጥርሱ ላይ ይንኳኳል።

«ማነው 27 ያለኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«የት ለክተሽ ነው፣ እህቴ? ታች 24 ነው።» እጁ ላይ እንደ ሰዓት ያሰረውን መለኪያ አሳየኝ። ቁጥሩ እዚያው ነበር። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንሽ ሲረጋጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ። 24 ታዲያ ብርድ ነው እንዴ አልኩት፤ እኛ እንደሆነ በ24 ገላችንን እንታጠባለን።

ሳቀ። «ጠላቂዎች ተሰብስበን ይሄን ብትጠይቂን ስንከራከር ይመሻል» አለ። «አንዱ ስብ አለው፣ አንዱ ብርዳም ነው። እኔ ግን 27 ሲሆን በቀጭኑ እገባለሁ፣ 24 ሲሆን ወፍራሙን እፈልጋለሁ። ከ21 በታች ከወረደ ብርድ ነው ብለን ተነጋግረን ነው የምንገባው። ከ15 በታች ደግሞ ጭራሽ ውሃ የማያስገባ ልብስ ከሌለኝ ጥርግ በል ብትዪኝም አልገባ።»

«ያለ ልብስስ? በ24?»

«ለምን ያህል ጊዜ?» አለኝ። «ዲግሪውን ብቻ አትጠይቂኝ፣ ሰዓቱንም ጨምሪበት። ያልኩሽ ሁሉ ለአርባ ደቂቃ ነው። የሰው ገላ 37 ነው። ከሱ ያነሰ ውሃ ሁሉ ቀስ እያለ ይወስድብሻል፣ አየር እንዲህ አይወስድም። መጀመሪያ አይታወቅሽም። ከዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ከዚያ ጣት አልታዘዝ ይላል። መንቀጥቀጡ ሲቆም ተሻለኝ ትያለሽ፤ ያኔ ነው ክፉው።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቢሆንስ?»

ሻዩን አስቀመጠ። «ማነው ሌሊቱን ሙሉ የቆየው?» አለኝ።

«ማንም። ለሥራዬ ነው» አልኩት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ልጅ ሆኜ የሰማሁት ነው። ስለ ጥልቀቱ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

እህል አልበላ አለኝ። 27። 27። 27።

ሣራ ዛሬም ጠየቀችኝ። «አልበረደውም» አልኳት። ድምፄ እንደ ትናንቱ ነበር? እንደ ትናንቱ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

በኪሴ ቤንዚን ገዝቼ፣ አቡበከር የሚባለውን አጥማጅ ለምኜ በጠዋት መሃል ድረስ ወሰደኝ። ለካሁት። 24.1። ፈቀቅ ብለን ለካሁት። 24። ተመልሰን ዳር ስንደርስ ጉልበት በሚደርሰው ውሃ ለካሁት፤ ገና አልሞቀም። ከሰዓት በፀሐይ ተመልሼ እዚያው ለካሁት። 27።

እንግዲህ ልጻፈው፤ ደብተሩ የራሴ ነው። ቅጹ ከላይ በጥቁር ፊደል «ከዳር 500 ሜትር ገብቶ፣ በሁለት ሜትር ጥልቀት» ይላል። ጥር ላይ አንድ ጉማሬ ከጀልባችን ሥር ብድግ ካለ ወዲህ ገብቼ አላውቅም። የጀልባ ቤንዚንም ዛሬ ነገ ይላካል እየተባለ ቀረ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያሞቀችው ዳር ላይ ቆሜ ነበር የምለካው። ስድስት ወር። ማንን ይጎዳል ብዬ። ማንስ ያነበዋል ብዬ።

ያን ቀን ጋሽ ዘመድኩን ሲጠይቀኝ ይሄን አውቅ ነበር። አላስታወስኩትም። ማስታወስ ነበረብኝ። ቁጥር ጠየቁኝ፣ በአፌ ላይ ያለውን ሰጠኋቸው፤ ከፍ አድርጌ፣ ተመርቄ እንደመጣሁበት ቀን ኮራ ብዬ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ለጋሽ ዘመድኩን ነገርኩት። መረብ እየጠገነ ነበር። መርፌውን አስቀምጦ እስክጨርስ ሰማኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ» አለ። «ያን ቀን 20 ብትዪን ኖሮ ‹20ም አይከፋም› እንል ነበር። ነፋሱን ፈርተን ነው። ስድስት ወንድ ቆመን ነበር፤ አንዳችን ፈራሁ አላልንም። ያንቺ ቁጥር ደግ ሆነልን፣ እሱን ይዘን ቤታችን ገባን።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» አለና መርፌውን አነሳ። ቀዳዳውን መስፋት ቀጠለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሸክሜን ለሰባት አካፈለልኝ አይደል? እኔ ግን ተናደድኩ። በሱም፣ በሌሎቹም፣ በራሴም። እነሱ ፈርተው ነው። እኔስ? እኔ አልፈራሁም። እኔ እርግጠኛ ነበርኩ። የቱ ይብሳል?

ለሣራ እነግራታለሁ። ነገ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

አልነገርኳትም። ዓርብ ጥሩ ቀን አይደለም፣ ገበያ ነበረባት። እማዬ ደግሞ ጉንፋን ይዟታል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

በአሥር ሰዓት ነፋሱ ተነሳ። አቡበከር አልተመለሰም። አሥር ተኩል ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። ሰዎቹ ያው ቦታ፣ ያው ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ጋሽ ዘመድኩን ዞሮ አየኝ። ሌላ ሰው እንደማይጠይቅ ገባኝ፣ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ።

«ስንት ነው?» አለ።

«24 ነው። ብርድ ነው። አሁን ካልሄዳችሁ ጠዋት የምታመጡት ሬሳ ነው» አልኩ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

ሄዱ። ሁለት ጀልባ፣ አራት ሰው። ጋሽ ዘመድኩን ከፊተኛው ላይ ነበር፣ በዚያ ዕድሜው። ሲጨልም ሦስቱም ጀልባ ተመለሱ። አቡበከር ሞተሩ ተበላሽቶበት ዳር ያለው የፊላ ሣር ውስጥ ተጠግቶ፣ ደረቅ እንደሆነ፣ ሙዝ እየበላ ነበር ያገኙት። እነሱ ግን እስከ አጥንታቸው በስብሰዋል። «ኖላዊት፣ ዓሣ ትተን አንድ እጅ ሙዝ አስጠመድሽን!» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቅጹን አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ቤት እስክደርስ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ።

እንዲህ ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3፣ ዶርዜ

ሣራ ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ነውና ልሸኛት አብሬያት ወጣሁ። መኪናው ዳገቱን ሲያጋምስ ጉሙ ተቀበለን። ጣቶቼ ደነዘዙ። ሣራ በቀጭን ቀሚስ ነበረች፣ ቡልኮው ተጣጥፎ ጭኗ ላይ። ልበሺው ስላት «ደህና ነኝ» አለችኝ።

ማታ ከእራት በኋላ የአባቷ መሸመኛ አጠገብ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እንደተለመደው «ኖሊ» ብላ ጀመረች። ጥያቄው ምን እንደሆነ አውቄ ነበርና ቀደምኳት።

«በርዶታል፣ ሣራ» አልኳት። «27 አልነበረም፣ 24 ነበር። እኔ ከዳር ነበር የምለካው። በኔ ምክንያት ነው ሳይሄዱ ያደሩት።» የቀረውንም ነገርኳት። የጠላቂውን፣ የጋሽ ዘመድኩንን። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ክሩን ነበር የማየው።

ጭኗ ላይ ያለውን ቡልኮ አስተካከለች።

«ካሳ ነግሮኛል» አለች። «በሁለተኛው ቀን። ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር አለኝ፣ ጥርሱ ሲጋጭ ጀልባዋ ላይ ድረስ እስኪሰማው። ሊነጋ ሲል ቆመለት። ‹ሣራ እንዲህ በርዶኝ ብታየኝ ዕድሜ ልኳን ነበር የምትስቅብኝ› አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?»

«እኔ ያን ማታ ተኝቻለሁ፣ ኖሊ።» ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «እናትሽ እዚያው ዳር ላይ እንደር ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ለብ ያለ ነው ስትዪ ሰማሁሽ። ቤት ገባሁ። እራቴን በላሁ። ይሄን ቡልኮ ተከናንቤ እስከ ንጋት ተኛሁ። ሕልም እንኳ አላየሁም። እሱ እዚያ እየተንቀጠቀጠ እኔ ሞቆኝ አደርኩ። አንቺ አልበረደውም ባልሽኝ ቁጥር ያችን ቀን ትንሽ ይቀለኛል። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው።»

ስንት ጊዜ ነው ያጽናናኋት የመሰለኝ። እኔ ኃጢአቴን ስደብቅ እሷም የራሷን እያስታመመች ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ስድስት ሳምንት።

ቡልኮውን አነሳሁና ዘርግቼ ጫንኩባት። መጀመሪያ በክርኗ ገፋችው። ከዚያ ተወችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰችውን፣ ጮኻ፣ እንደ እማዬ የጓሮ ለቅሶ። ከጓዳ ሰው ሲመጣ ሰማሁና በሩን ያዝኩላት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6፣ ጫሞ

የሐምሌን ቅጽ ትናንት ልኬ ነበር፣ ዛሬ አቶ ሶፎንያስ ደወለ። እስከ ሐምሌ 16 ድረስ 27፣ ከ17 ጀምሮ 24 ነው፣ ሐይቅ በአንድ ቀን ሦስት ዲግሪ አይወርድም፣ መሣሪያሽ ተበላሽቷል መሰለኝ አለኝ። አዲስ እስኪላክልኝ ድረስ የኋላውን ከፊተኛው ጋር እንዳስተካክለው ነገረኝ።

«መሣሪያው ደህና ነው፣ አቶ ሶፎንያስ» አልኩት። «የተበላሸው የፊተኛው ነው። ከጥር ጀምሮ ከዳር ነው የለካሁት። በጽሑፍ እልክልዎታለሁ።»

ይሄ ከሥራ እንደሚያስባርር ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁና ከአቡበከር ጋር ገባን። ከዳር 500 ሜትር፣ በሁለት ሜትር ጥልቀት። 23.8 ነው።